አላርሙ ጮኾ አልሰማሁትም

የሌሊት ዘበኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው፣ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ካላወራሁት ልፈነዳ ነው።

ሴት ልጄ 3 ዓመቷ ነው። በዘር የሚወረስ ግላይኮጅን ስቶሬጅ የሚባል በሽታ አለባት፣ ዓይነት 1ኤ። ለማታውቁት ባጭሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ሰው በልቶ የተረፈውን ስኳር ጉበቱ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ሳይበላ ሲቆይ ያንኑ እየፈታ ወደ ደም ይለቀዋል። የእሷ ጉበት ማስቀመጡን ያውቅበታል፣ መልቀቁን ግን አይችልም። የመጨረሻውን በር የሚከፍተው ኢንዛይም የላትም። ጎተራው ሞልቶ እሷ ትራባለች ማለት ነው። ጉበቷ አብጦ ሆዷን ወደ ፊት ገፍቶታል፣ የደም ስኳሯ ግን ሦስት አራት ሰዓት ሳትበላ ከቆየች ቁልቁል ይወርዳል።

መድኃኒቷ ያልበሰለ የበቆሎ ስታርች ነው። አዎ፣ ሾርባ የሚያወፍሩበት ነጭ ዱቄት። 20 ግራም መዝነን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን በየአራት ሰዓቱ እንሰጣታለን፣ ቀንም ሌሊትም። ማታ 4 ሰዓት፣ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ንጋት 12 ሰዓት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሌሊት አልዘለልንም ነበር።

ነበር።

የዛሬ ሁለት ሳምንት የ8 ሰዓቱ አላርም ጮኾ አልሰማሁትም። ወይም ሰምቼ በእንቅልፍ ልቤ አጥፍቼዋለሁ፣ አላውቅም። ባለቤቴ ለሥራ ወጥቶ ያደረበት ሦስተኛው ሌሊት ነበር፣ ስኳሯን ያለማቋረጥ የሚለካው ገላዋ ላይ የሚለጠፈው ሴንሰር ደግሞ ጊዜው አልቆ ነቅለነው አዲሱን እየጠበቅን ነበር። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ምን እንደቀሰቀሰኝ ሳላውቅ ብድግ አልኩ። ሄጄ ስነካት ፒጃማዋ በላብ ርሷል፣ ገላዋ ቀዝቅዟል። ስጠራት ዓይኗን ገለጠች እንጂ አልመለሰችልኝም። ጣቷን ወግቼ ስኳሯን ለካሁ። 38። እጄ እየተንቀጠቀጠ ግሉኮስ በጥብጬ በስሪንጅ ጠብ ጠብ አደረግሁላት፣ ዋጠች። ከ15 ደቂቃ በኋላ 71 ሆነ፣ ስታርቿን ሰጠኋት። ሲነጋ ምንም እንዳልተፈጠረ አሻንጉሊቷን ይዛ ስትጫወት እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። አላርሙ ሳይጮህ እነሳለሁ፣ በየሰዓቱ ጣቷን እወጋለሁ፣ አንዳንዴ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላት ስታርቹን እሰጣታለሁ። ባለቤቴ ተመልሶ እንፈራረቅ ሲለኝ እሺ እላለሁ፣ ግን እሱም ሲነሳ እኔም እነሳለሁ። ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ አንቀላፋሁ።

ሌላም አለ። ወንድ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው። ባለፈው እራት ላይ «የኔስ ጉበት መቼ ነው የሚያብጠው?» አለኝ። ፈርቶ መስሎኝ «አይዞህ፣ ያንተ አያብጥም» አልኩት። ፊቱ ቅጭም አለ። ለካ ፈርቶ አልነበረም፣ ተስፋ አድርጎ ነበር።

አማቴ ደግሞ «በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» ይላሉ፣ እኔ እየሰማሁ። በዚያ ላይ ማር በማንኪያ ሲያልሷት ደረስኩባቸው። «ስኳሯ ወረደ ስትሉ አልነበር እንዴ?» አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

እናንተ ቤት ሌሊቱ እንዴት ነው የሚያልፈው? እውነቱን ንገሩኝ።


አንጋፋ እናት፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ። ከዚያ አንብቢ።

የኔ ልጅ 15 ዓመቱ ነው፣ እሱም 1ኤ። በእነዚህ ዓመታት አላርም ያመለጠኝ አራት ጊዜ ነው። አራቱንም ቀን እስከ ልብሱ ቀለም አስታውሳቸዋለሁ። አንድም ሌሊት አምልጦት የማያውቅ ቤት አለ የሚልሽ ሰው ካለ ወይ ገና ጀማሪ ነው ወይ ይዋሻል።

ጥፋቱ እንቅልፍሽ አይደለም። ጥፋቱ የልጅቷ ስኳር በአንድ ስልክና በአንዲት የደከመች ሴት ጆሮ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ይሄን ካላስተካከልሽ ከዛሬ ጀምሮ ዓይንሽን በክብሪት እንጨት ደግፈሽ ብታድሪም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም በሦስተኛው ሳምንት ሰውነትሽ ሳያስፈቅድሽ ይወድቃል። እኔ ሁለተኛው ያመለጠኝ ልክ እንዳንቺ «ከእንግዲህ አልተኛም» ብዬ በማልኩ በ20 ቀኔ ነው።

እኛ ቤት የሚደረገው እንዲህ ነው። ማታ ሦስት ክዳን ያላቸው ኩባያዎች ውስጥ ስታርቹ በግራም ሚዛን ተመዝኖ ደረቁን ይቀመጣል፣ አጠገቡ የቀዝቃዛ ውሃ ጠርሙስ። ሌሊት በእንቅልፍ ዓይን ሚዛን አይነበብም። ስልኩ ትራስ ሥር አያድርም፤ እዚያው ኩባያዎቹ ጋ ነው የሚያድረው። አላርሙን ለማጥፋት ተነስተሽ መሄድ አለብሽ፣ ስታጠፊው እጅሽ ዱቄቱ ላይ ነው። ሁለተኛ አላርም በሌላ ስልክ፣ በሌላ ድምፅ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጮኻል፤ እሱ የሚጠፋው ልጁ ጠጥቶ ሲጨርስ ብቻ ነው። ድምፁንም በየወሩ እንቀይረዋለን፣ ጆሮ ይለምዳልና። ጠዋት ላይ ሙሉ ኩባያ ከተገኘ አንድ ነገር ተዘሏል ማለት ነው፣ ክርክር የለም።

ዋናው ግን መፈራረቁ ነው። እናንተ እንፈራረቃለን ስትሉ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ነው የምትተኙት። ያ መፈራረቅ አይደለም። ተረኛ ያልሆነው ሰው ሌላ ክፍል ይተኛል፣ በሩን ይዘጋል፣ ቤቱ ቢጮህም አይወጣም። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያሳብዳሉ፣ አልዋሽሽም። ከሁለቱ አንዱ ከቤት ሲወጣ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይግባ። እኔ ባለቤቴ ሲሄድ እህቴ ከራሷ ቤት ሆና ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 ላይ ትደውልልኝ ነበር። «ሰጠሽ?» «ሰጠሁ።» ትዘጋዋለች። ሦስት ዓመት።

ስታርቹን ቀድሞ መስጠትሽን ተዪው። ፍርሃት መሆኑ ይገባኛል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ያለ ጊዜው ሲበዛ ኢንሱሊን ይነሳል፣ ጎተራው ይባሱን ይሞላል፣ ልጅቷ ያለ አግባብ ትወፍራለች፣ በዚያ ላይ ሆዷ በዱቄት ሞልቶ ምግብ እምቢ ትላለች። አራት ሰዓቱን ትችላለች አትችልም የሚለውን ሐኪሟ ይፈትሽላት።

ኧረ አንድ ነገር ልረሳ ነበር። አንድ ክረምት ልጁ ብርድ ብርድ አለኝ ሲል አዝኜለት በሙቅ ውሃ በጠበጥኩለት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወረደበት። ያልበሰለው ዱቄት የሚሠራው ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ነው፤ ሙቀት ካገኘው እንደ ማንኛውም ምግብ ቶሎ ያልቃል። አማትሽ ካዘኑላት ይሄንንም እንዳያደርጉ ንገሪያቸው።


እውነት ነጋሪ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና የታመመ ልጅ ይዞ እንቅልፍ ምን ይሉታል? እናት ልቧ አይተኛም።


አንጋፋ እናት፦

ስንት ሌሊት ተነስተሃል? ቁጥሩን ጻፍና እንነጋገር።


የሕፃናት ነርስ፦

ክርክሩን ተዉትና የሚጠቅም ነገር ላክልባችሁ። ሐኪሟ ያዘዘላትን የሚተካ አይደለም።

ዋጠች ብለሽ ጽፈሻል፣ ደህና። መዋጥ ካልቻለች ግን በአፏ ምንም ነገር አታፍስሺ፣ ትን ይላትና ሌላ ጣጣ ይመጣል። በጎኗ አስተኝተሽ አምቡላንስ ጥሪ። ከነቃች በኋላም ቢሆን እንዲህ ያለ ሌሊት ካለፈ ለሐኪሟ በነጋታው መደወል አለበት፤ ካልደወልሽ አሁን ደውዪ።

ቤታችሁ ያለ ሰው ሁሉ ማወቅ ያለበት፣ ለስኳር ታማሚዎች የሚሰጠው የግሉካጎን መርፌ ለእሷ አይሠራም። መርፌው ለጉበት «ያስቀመጥከውን ልቀቅ» የሚል ትእዛዝ ነው። በሩ ግን የተቆለፈ ነው፤ ትእዛዙ ደርሶ የሚጨምረው ላክቴት (ስኳር ሲፈርስ የሚወጣ አሲድ መሰል ነገር) ብቻ ነው። የሚያስፈልጋት ግሉኮስ ነው፣ በአፍ ካልተቻለ በደም ሥር።

ትውከት ወይም ተቅማጥ ከያዛት «እስኪ እንየው» አይባልም። ስታርቹ ሆዷ ውስጥ ካልቆየ ሰዓቱ መቆጠር ጀምሯል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ደግሞ ተረኛው የበሽታውን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፣ አትፍረዱበት፣ ብርቅ በሽታ ነው። ስለዚህ ሐኪሟ የፈረመበት የድንገተኛ ደብዳቤ በቦርሳሽ፣ በመኪናው፣ በስልክሽ ፎቶ ሆኖ ይኑር። 10 ፐርሰንት ዴክስትሮዝ (በደም ሥር የሚገባ የግሉኮስ ፈሳሽ) በስንት ፍጥነት እንደሚሰጣት፣ የዚህ ፈሳሽ መርፌ ድንገት መነቀል እንደሌለበት (ሰውነቷ ኢንሱሊን አውጥቶ ስለሚቆይ ሲነቀል ስኳሩ ወለል ይነካል)፣ ለቀዶ ሕክምና ያለ ግሉኮስ ጾማ ማደር እንደማትችል ይጻፍበት። አንዳንዴ ስኳሯ ወርዶም ትስቅ ይሆናል። በዚህ በሽታ ላክቴት ከፍ ስለሚል አንጎል እሱን እንደ ነዳጅ ይጠቀምበታል፣ ምልክቱም ይደበቃል። «ልጅቷ ደህና ትመስላለች፣ ተራ ጠብቁ» ሲሉሽ የምታሳዪው ቁጥሩን ነው እንጂ ፊቷን አይደለም።

አዲሱ ሴንሰር ሲመጣ፦ በተኛችበት ጎን ከተጫነችው የውሸት ዝቅታ ያሳያል። ጣት ወግታችሁ አረጋግጡ።


አባ ፓምፕ፦

አንጋፋዋ ያለችው ለእኛ አልሠራም፣ ልጄ ሌሊት ተቀስቅሳ ስታርች ስትጠጣ ታስመልስ ነበር። እኛ በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ሌሊቱን ሙሉ ግሉኮስ ያለው ፈሳሽ በፓምፕ እናንጠባጥባለን። እንቅልፍ ይሰጣል የሚሏችሁ ግን ግማሽ እውነት ነው። ቱቦው ከተላቀቀ ስኳሩ የሚወርደው ስታርች ከተዘለለበት ሌሊት ይልቅ በፍጥነት ነው። ፓምፑ ፈሳሹ መሬት ላይ እየፈሰሰም «ሁሉ ሰላም» ብሎ መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ እኛ አልጋ ለሚያረጥቡ ልጆች የሚሸጠውን የእርጥበት አላርም ገዝተን መጋጠሚያው ሥር አሰርንላት። ቱቦው ሲፈታ ይጮኻል። ለፊኛ የተሠራ ዕቃ ልጄን ሁለት ጊዜ አድኗታል።

«በእኛ ወገን የለም» ስላሉት አማትሽ። የኔም እናት ይህንኑ ቃል በቃል ብላለች፣ የሚስቴም እናት እንደዚያው፣ ሁለት ሴቶች ሁለት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ጥፋቱን እንደ ኳስ ሲቀባበሉት ማየት ነበረባችሁ። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ልጅቷ የምትታመመው የተበላሸውን ጂን ከአባትም ከእናትም ስትወርስ ብቻ ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ አይታመምም፣ አያውቀውም፣ ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ ቢመጣም ማንም አያየውም። ስለዚህ «በእኛ ወገን ታይቶ አይታወቅም» ማለታቸው እውነት ነው። «ከእኛ አልመጣም» ማለታቸው ግን ሐሰት ነው። ከሁለታችሁም ነው፣ እኩል በእኩል።

ሌላ ልጅ ካሰባችሁ ደግሞ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ነው። «አንዷ ታማለች፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ይተርፋሉ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ጂን ሂሳብ አይዝም፣ ሁልጊዜ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ጤነኛው ልጅሽ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከሦስት ሁለት ነው፣ እሱን ሲያድግ ይመረመራል፣ አሁን አያስቸኩልም።

ሌሊት ፓምፑ ሲያንሾካሹክ የማስበው ነገር አለ። ካርልና ገርቲ ኮሪ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች የጎደለው ግሉኮስ-6-ፎስፌቴዝ የሚባለው ኢንዛይም መሆኑን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በሽታው ታወቀ ማለት ግን መላ ተገኘ ማለት አልነበረም። ሌሊት በቱቦ መመገቡ የመጣው በ1970ዎቹ፣ ያልበሰለው ስታርች እንደሚሠራ የተጻፈው ደግሞ በ1984። በመሀል ያሉት ወላጆች ምን ሲያደርጉ ያድሩ ነበር? እኔ በፓምፕ እማረራለሁ።


ጤነኛው፦

ልጽፍ አልጽፍ ብዬ ሁለት ቀን ቆየሁ። እኔ ያ የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን 31 ነኝ፣ በሽታው ያለባት እህቴ 27።

እናቴ እስከ ዛሬ «እሱ እንኳ ሬሳ ነበር፣ አላርም አይሰማም» ትላለች። ሁሉንም እሰማ ነበር። አላርሙ ሲጮህ ዓይኔን ጨፍኜ የእርምጃዋን ድምፅ እቆጥራለሁ። ከመኝታ ቤቷ እስከ ወጥ ቤት 11 እርምጃ ነው። ከዚያ ማንኪያው የብርጭቆውን ጎን ሲመታ ይሰማኛል፣ ኪል ኪል ኪል። ስታርች ስለሚዘቅጥ ብዙ ያማስሉታል። ማንኪያው ሲቆም እኔ እተኛለሁ።

9 ዓመቴ ላይ አንድ ሌሊት አላርሙ ጮኸ፣ ቆመ፣ እርምጃ የለም። ጠበቅሁ። ተነስቼ እናቴ በር ላይ ቆምኩ። ልቀስቅሳት ልተዋት አላወቅሁም፣ ምክንያቱም ቀን «ዛሬ በጣም ደክሞኛል፣ ማንም እንዳያናግረኝ» ስትል ሰምቻት ነበር። በመጨረሻ እግሯን ነካሁ። ተነሳች፣ ሮጠች፣ ሰጠቻት፣ ተመልሳ አቀፈችኝና እያለቀሰች «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር!» አለችኝ።

ለእሷ ምስጋና ነበር። ለእኔ ግን ሥራ ተሰጠኝ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እስከ 19 ዓመቴ፣ ከቤት እስክወጣ ድረስ፣ አንድም ሌሊት ጠልቄ አልተኛሁም። ማንም አላዘዘኝም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለልጅሽ እንዳትይው ነው የምለምንሽ። አላርሙን ያድምጥ ቢልሽ እንኳ እሺ አትበዪው። ልጅ ይሁን።

ጉበቴ መቼ ያብጣል ያለሽ ደግሞ ስላልተነገረው ይመስለኛል። እኛ ቤት በሽታው ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነበር የሚወራው፤ ሹክሹክታ ደግሞ ለልጅ የተደበቀ ከረሜላ ይመስለዋል። የዳንኩት የእህቴ ሐኪም አንድ ቀን እኔንም ወንበር ላይ አስቀምጦ የጉበት ሥዕል እየሣለ ሲያስረዳኝ ነው። ጥያቄ ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ። «ትሞታለች?» አልኩት። እናቴ ደነገጠች፣ እሱ አልደነገጠም። «በሰዓቷ ከበላች ታድጋለች፣ አንተን ታስቸግርሃለች» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እስካሁን ታስቸግረኛለች።

አባቴ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት እኔን ብቻ ይዞ ይወጣ ነበር። ስለ እሷ አናወራም። ብዙ ጊዜ ስለምንም አናወራም።

ላገባ ስል ተመርምሬ ተሸካሚ መሆኔን አወቅሁ። ለእህቴ ስነግራት «በመጨረሻ አንድ ነገር አካፈልኩህ» ብላ ሳቀች። አሁን እሷ ሌሊት የምትወስደው ረዘም ላለ ሰዓት የሚያቆየውን የተሻሻለ ስታርች ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አንድ ወጥ ትተኛለች። ኩላሊቷንና ጉበቷን በየጊዜው ትታያለች፣ ሥራ አላት፣ ቁጡ ናት።


አያት፦

ልጄ፣ እኔ ጽሑፍ ላይ ብዙ አይደለሁም፣ የልጅ ልጄ ናት የምትተይብልኝ። ታማሚዋ እሷው ናት፣ 12 ዓመቷ።

ማር ሲያልሱ የደረስሽባቸው አማትሽ እኔ ነኝ። የኔው የብርቱካን ጭማቂ ነበር እንጂ ያው ነው። ልጅቷ ስታለቅስ ምን ላድርግ? አያት እጇ ላይ ያለው ጣፋጭ ነው። ምራቴ ደርሳ ከእጄ ነጠቀችኝ፣ ልጅቷ ፊት ጮኸችብኝ። ሁለት ወር ቤታቸው አልረገጥኩም። እሷም ልክ ነበረች፣ እኔም አላወቅሁም ነበር።

በኋላ ልጄ መጣና እንዲህ አለኝ። «እማዬ፣ ማርና ፍራፍሬ ውስጥ ካለው ጣፋጭ ብዙው፣ ወተትም ውስጥ ያለው እኩሌታው፣ መጀመሪያ ጉበቷ ውስጥ ነው የሚገባው። ከዚያ ወደ ደም ሊወጣ ሲል ያው የተቆለፈው በር ይገጥመዋል። መውጫ ሲያጣ ላክቴትና ዩሪክ አሲድ፣ ስብም ይሆንባታል፣ ጉበቷም ያብጣል። አንቺ ስኳሯን ያነሳሽላት ይመስልሻል፣ ጎተራውን ነው የምትሞዪባት።» ይሄ ገባኝ። «አይፈቀድም» ሲሉኝ ግን አልገባኝም ነበር፣ የቀሙኝ ነበር የመሰለኝ።

ለአማትሽ ሥራ ስጪያቸው። ክልከላ ብቻ የተሰጠው ሰው ተደብቆ ያደርገዋል። እኔን ልጄ ሚዛን ላይ አስቀምጦ አስመዘነኝ፣ ሦስቴ አሳሳተኝ፣ አራተኛው ልክ መጣ። አሁን በሳምንት ሁለት ሌሊት የኔ ነው። አሮጊት ምን እንቅልፍ አላት? አላርሙ ሳይጮህ ነቅቼ እሱን ነው የምጠብቀው።

(ተየቢዋ ነኝ፦ እውነት ነው፣ አያቴ አንድም ሌሊት አላመለጣትም። ግን በጣም ብዙ ታማስለዋለች።)


የሌሊት ዘበኛ፦

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ይቅርታ፣ ሁላችሁንም ደጋግሜ አንብቤያችኋለሁ። «ጤነኛው»፣ ያንተን ለባለቤቴ ሳነብለት መጨረስ አቃተኝ፣ እሱ ተቀብሎ ጨረሰው።

ለሐኪሟ ደወልኩ። አልተቆጣኝም። ደብዳቤው ተጽፏል። በሚቀጥለው ወር አንድ ቀን አስተኝተው ስታርቹ በትክክል ስንት ሰዓት እንደሚያቆያት ይለኩላታል። ሴንሰሩ መጥቷል፣ በመጀመሪያው ሌሊት ተጭናበት 42 አሳይቶ ነፍሴን አወጣው፣ ጣቷን ስንወጋ 96። ነርሷ ወይም ነርሱ፣ አመሰግናለሁ፣ ባትነግሩኝ ኖሮ ግሉኮስ እግታት ነበር።

ወንድ ልጄን ይዘነው ሄድን። ሥዕሉን እኔ ነኝ ቤት የሣልኩለት፣ ጉበቱ ድንች መሰለ። ተሸካሚ ልትሆን ትችላለህ ስንለው «ግማሹ አለኝ ማለት ነው?» አለ። ምናልባት፣ ከሦስት ሁለት ዕድል፣ አልነው። ያን ቀን የነበረው ደስታ! ለጓደኛው በስልክ ሲነግረው ሰማሁት፣ «ግማሹ አለኝ፣ ግን አያምም»። ምን ልበል? ተውኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ከአባቱ ጋር ይወጣል፣ የት እንደሄዱ አልጠይቅም።

አማቴ ባለፈው ሳምንት መጡ። ስለ ማሩ አላነሳሁም፣ ሚዛኑን ነው ፊታቸው ያስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አደረጉ። 20 ግራም ለማምጣት ስምንት ጊዜ ጨመሩ ቀነሱ። ትናንት እኔ ለመክሰሷ ስበጠብጥ ከኋላዬ መጥተው ውሃውን በጣታቸው ነኩና «ይሄ ለብ አላለም?» አሉኝ። ለብ ብሎ ነበር። ደፋሁት።

ዛሬ የመጀመሪያ ሌሊታቸው ነው። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው። እሳቸው ሳሎን ናቸው፣ ኩባያዎቹም ስልኩም እዚያ ናቸው። እኔ በሩን ዘግቼ ወንድ ልጄ ክፍል ተኝቻለሁ፣ ማለቴ ተጋድሜያለሁ። 8 ሰዓት ሊሆን 12 ደቂቃ ይቀራል።


አያት፦

ስልኩን ዝጊና ተኚ፣ ልጄ።


የሌሊት ዘበኛ፦

ማንኪያው ተሰማኝ።